መካሪስ ሞልቶናል፤ የሚሰማን ማነው?

በዚህች ተባዝታ በምትታደል መጽሔታችን ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፥ ስለ መኝታ ክፍሉ ውኃ፥ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መብራት ብዙ ጊዜ ጽፈናል። አንዳንዱ ተሰምቶልናል፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ እንደ ነበረው አለ። ዛሬ የምናነሣው ነገር ሆድን የሚመለከት ቢሆንም የምግብ ቤቱ ጉዳይ አይደለም። አማርኛችን ሐዘንንም፥ ቂምንም፥ ፍርሃትንም፥ ምሥጢርንም የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። የማይነገር ነገር ሲገጥመን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንዘጋዋለን። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። ታዲያ ሆዱ ያልፈጀለት ተማሪ ወዴት ይሂድ? ለማን ይንገር? የሚነገረውስ ሰው ምን የተማረ፥ ምን ዓይነት ሰው ሊሆን ይገባዋል?

ይህን እንድንጠይቅ ያስገደደን የአንድ ወዳጃችን ነገር ነው። የትኛው ኮሌጅ፥ የትኛው ከተማ እንደሆነ አንጽፍም፤ ታሪኩንም እዚህ ያገባነው ረቂቁን አንብቦ «ይውጣ» ካለን በኋላ ነው። ልጁ የደባርቅ ገጠር ተወላጅ ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ዘልቆ፥ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች በተገደሉበት ሰሞን፥ ቤተሰቡ ከብቱን እየነዳ ሸሸ። ከወንድሞቹ አንዱ አልተመለሰም። ልጁ ግን ትምህርቱን አልተወም፤ ፈተናውን አልፎ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ። በሁለተኛው ዓመት እንቅልፍ እምቢ አለው። በር ሲጋጭ ይበረግጋል። በክፍል ውስጥ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም። መጽሐፍ ገልጦ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ከእኛ መካከል አንድ መኝታ ክፍል የተጋራነው ጓደኞቹ «ነካ አድርጎታል» እያልን ሣቅንበት። ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

በመጨረሻ ራሱ ጨክኖ ወደ ምክር አገልግሎት ቢሮ ሄደ። እዚያ የተቀመጡት መምህር ክፉ ሰው አይደሉም። ሻይ አዘዙለት። ከዚያም «አይዞህ፤ በርታ፤ አንተ እኮ ወንድ ነህ፤ ስንቱ ከአንተ የባሰ አይቷል፤ ጸልይ፤ ትምህርትህን ያዝ» ብለው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሸኙት። እሱ የተናገረው ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ሲወጣ በሩ ላይ የተለጠፈውን የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት ዝርዝር አየ፤ የመምህሩ ስም በሁለተኛ ተራ ላይ ነበር። ይህም ይሁን። ከሁለት ሳምንት በኋላ እኚሁ መምህር ክፍል ውስጥ ስለ ጽናት ሲናገሩ «ከደባርቅ የመጣ፥ ወንድሙን በጦርነት ያጣ አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ» ብለው ምሳሌ አደረጉት። ስም አልጠሩም። ነገር ግን በዚያ ክፍል ከደባርቅ የመጣ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ዓመት ያህል ለማንም አልተነፈሰም።

ይህን የምንጽፈው መምህሩን ለመክሰስ አይደለም። ማንም አላሠለጠናቸውም፤ ሥራው ከማስተማሩ በላይ ተጨምሮ ተሰጣቸው፤ እሳቸውም የሰጡት የወረሱትን ነው። ነገሩ የተበላሸው ገና ከስሙ ይመስለናል። በአማርኛ ምክር ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው፤ አባት ልጁን፥ የኔታ ተማሪውን፥ ሽማግሌ ሙሽራውን ይመክራል። የሚመከረው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ካልሰማም «ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባልበታል። በዚህ ስሜት ከሆነ የአገራችን ተማሪ መካሪ አጥቶ አያውቅም። ነገር ግን ከዚያው ሥር የወጣ ሌላ ቃል አለ፤ መማከር። መማከር ሁለት ሰዎች አንድን ነገር በመካከላቸው አስቀምጠው አብረው የሚያዩበት ነው። ዛሬ በሙያ ደረጃ የሚሠራበት የንግግር ሕክምና ከመምከር ይልቅ ለመማከር ይቀርባል። ባለሙያው ከሚናገረው የሚሰማው ይበዛል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ተማሪ «ምንም አልነገረኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ» ብሎ ተቆጥቶ ይወጣል፤ እንዲህ ያለም አጋጥሞናል።

አገራችን ሰሚ አጥታ ኖረች ማለታችን አይደለም። ጎንደር ላይ ሰው የሞተበት ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤት መጥቶ ያድራል፥ ያጫውተዋል። ማጫወት የሚለው ቃል ራሱ ትልቅ ነገር ይዟል፤ መምከር አይደለም፥ መገሠጽም አይደለም። የንስሐ አባትም አለ። በየቤቱ እየገባ፥ ጸበል እየረጨ፥ የቤቱን ችግር የሚያውቅ ካህን ነው፤ የተነገረውን በልቡ ማስቀረት ግዴታው እንደሆነ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ከሸኾቻቸው ጋር ያላቸው ነገር ከዚህ አይርቅም። ከእኛ ውስጥ ብዙዎቹ የልባቸውን መጀመሪያ የተናገሩት ለንስሐ አባታቸው ነው። ይሁን እንጂ ንስሐ ስለ ኃጢአት ነው። ወንድሙ የተገደለበት ልጅ ምን ኃጢአት ሠራና ይናዘዝ? የተደፈረች ልጅስ? ብልህ ካህን ልዩነቱን ያውቃል፤ ሁሉም ግን ብልህ አይደለም።

ደግሞም ዛር አለ። ይህን ስንጠቅስ የሚሥቅ ወይም የሚያማትብ አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን ከጎንደር ሆኖ ስለ ንግግር ሕክምና የሚጽፍ ሰው ዛርን ዘልሎ ሊያልፍ አይችልም፤ የውጭ ሊቃውንት መጥተው ያጠኑት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነውና። (ከዚህ በታች «በፈረንጆች» ብለን የምንጀምረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በፈረንጆች 1932 አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ላይ ለወራት ተቀመጠ። ከአባላቱ አንዱ ሚሼል ሌሪስ በአባ ጀሮም አስተርጓሚነት እየተረዳ መልካም አየሁ ከተባሉ ስመ ጥር ባለ ዛር ሴት ቤት ይውል ነበር። ሌሪስ ከመምጣቱ በፊት ፓሪስ ውስጥ አድሪየን ቦሬል በተባለ ሐኪም ዘንድ በሳይኮአናሊሲስ ሲታከም የቆየ ሰው ነው። እንግዲህ በፓሪስ ለሐኪም የሆዱን ሲናገር የነበረ ሰው ጎንደር መጥቶ፥ በቡናና በዕጣን ጭስ መካከል ሰዎች የሆዳቸውን በዛር አፍ ሲናገሩ አየ ማለት ነው። ያየውን በ1958 በመጽሐፍ አሳተመው።

በዚያው በ1958 ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት፥ በ1953 እና በ1954 በጎንደር አካባቢ ተቀምጦ ያጠናውን መሠረት አድርጎ፥ የዛር ማኅበር የቡድን ሕክምና ነው ብሎ ጻፈ። እንደ ጽሑፉ ወደ ዛር ቤት ከሚሄዱት የሚበዙት ያገቡ ሴቶች ናቸው፤ ወንድ በሚያዝበት ቤት ውስጥ ሰሚ ያጡ። በራሳቸው አፍ «ይህ ይደረግልኝ» ቢሉ የማይሰሙት ሴቶች በዛሩ አፍ ሲጠይቁ ባል ፈርቶ ይሰጣል። ባለ ዛሩ መንፈሱን ስሙንና የሚሻውን እስኪናገር ድረስ ይጠይቀዋል፥ ያግባባዋል፥ ይደራደረዋል። የታመመው ሰው ግን ድኖ አይሰናበትም፤ ዕድሜ ልኩን የማኅበሩ አባል ይሆናል።

እኛ ወደ ዛር ቤት ሂዱ አንልም። ገንዘብ የሚያስጨርስ፥ ሰውን በፍርሃት የሚያስር፥ አንዳንዴም በሽተኛውን ከሐኪም የሚያስቀር ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር እንይበት። እነዚያ ሴቶች የፈለጉት ምክር አልነበረም፤ የሚሰማ ጉባኤ ነበር። «ኋላ ቀርነት» ብለን የዛሩን ቤት ከናቅን በኋላ በቦታው ያቆምነው ምንድር ነው? የዲሲፕሊን ኮሚቴ?

አውሮፓም ቢሆን ይህን ነገር የተማረው ከታካሚ ነው። በቪየና በ1880 ዓመት መጨረሻ በርታ ፓፐንሃይም የተባለች ወጣት ታማ ዮሴፍ ብሮየር የተባለ ሐኪም ያክማት ጀመር። በየማታው የልቧን ስትናገር እየቀለላት መሄዱን ያስተዋለችው እሷ ናት፤ «የንግግር ፈውስ» ብላ ስም ያወጣችለትም እሷ ናት። ቀልድ ታውቅ ነበርና አንዳንዴ «የጭስ ማውጫ መጥረግ» ትለው ነበር። ብሮየርና ሲግመንድ ፍሮይድ ታሪኳን በ1895 አሳተሙት። በዚያ ብቻ ፈጽማ ዳነች የሚለው ወሬ ግን እውነት አይደለም፤ ከዚያ በኋላም ሆስፒታል ገብታለች። ዘግይታ ተነሥታ ነው በ1904 የአይሁድ ሴቶች ማኅበር መሥርታ ስመ ጥር የሆነችው።

ከፍሮይድ ወዲህ መንገዱ በዝቷል፤ ተማሪውም ወደ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ዋና ዋናዎቹን ማወቅ አለበት። የፍሮይድ ራሱ መንገድ በሳምንት ብዙ ቀን፥ ለዓመታት የሚሄድ ነው። ያለፈውን ሕይወት፥ ሕልምንም ሳይቀር ይመረምራል። አጠር ያለ ዓይነትም ወጥቶለታል፤ ነገር ግን ለእኛ ጊዜውም ገንዘቡም የለንምና አናቆየውም። አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ መንገድ ገለጠ፤ ባለሙያው አይፈርድም፥ መድኃኒት አያዝዝም፥ ይህን አድርግ አይልም፤ ሰውየው ራሱን እንዲሰማ ያደርገዋል። ያዘነና ግራ የገባው፥ ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ያቃተው፥ ትምህርቱን ልተው ወይስ ልቀጥል የሚል ተማሪ ከዚህ ይጠቀማል። በየኮሌጁ ምክር የሚባለው ነገር፥ በደንብ ሲሠራ፥ ከዚህ ቤት የወጣ ነው።

ሌላው በ1960ዎቹ በፔንሲልቬንያው ሐኪም በአሮን ቤክ የተጀመረው የአስተሳሰብና የጠባይ ሕክምና ነው። ቤክ የሠለጠነው በፍሮይድ መንገድ ነበር፤ ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ ግን ከሐዘናቸው በፊት በአእምሯቸው ብልጭ የሚሉ ሐሳቦችን አስተዋለ። ለምሳሌ አንድ ተማሪ አንድ ፈተና ወደቀ እንበል። «ወደቅሁ» ብሎ አያቆምም፤ «እንግዲህ የማልረባ ነኝ፤ እናቴ በሬዋን ሸጣ ያስተማረችኝ በከንቱ ነው፤ አገሬ በምን ፊቴ እገባለሁ» ይላል። ከዚያ ከአልጋው አይነሣም፤ ስላልተነሣ ሁለተኛውን ፈተና ይወድቃል፤ ይኸው እንዳልሁት ይላል። ባለሙያው ሐሳቡን ወረቀት ላይ አስጽፎ «ለዚህ ምን ማስረጃ አለህ? ጓደኛህ ቢወድቅ እንዲህ ትለዋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ በየሳምንቱም የሚለማመደው ትንሽ ሥራ ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ወራት አያልፍም። ለጭንቀት፥ ለፍርሃትና ለድብርት መርዳቱ ደጋግሞ ተፈትኖ ተረጋግጧል። ተማሪ ይህን ዓይነቱን የሚወደው ይመስለናል፤ ደብተርና የቤት ሥራ አለበትና።

ከጎረቤት አገር የመጣም አለ፤ ይህን ሰፋ አድርገን እንጽፈዋለን፤ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚለን ሰው መልስ ይሆናልና። ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን በ1970ዎቹ ያወጡት የሰው ለሰው ግንኙነት ሕክምና የሚባል አለ። ድብርቱ ከአራት ነገር በአንዱ ተነሥቷል ብሎ ይጀምራል፤ ሰው ከመሞቱ፥ ከቅርብ ሰው ጋር ከመጣላት፥ ኑሮ ከመለወጡ፥ ወይም ከብቸኝነት። ከገጠር ወጥቶ አራት ሰው በሚተኛበት ክፍል የገባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሦስቱን በአንድ መስከረም ሊያገኛቸው ይችላል። ይህን ሕክምና በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ መንደሮች ውስጥ ሞከሩት፤ ውጤቱም በ2003 ታተመ። ያከሙት ዶክተሮች አልነበሩም፤ ሁለት ሳምንት የሠለጠኑ የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ወንዶች ለብቻ፥ ሴቶች ለብቻ ሆነው በየሳምንቱ ለ16 ሳምንት ተሰበሰቡ። ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ ከድብርታቸው ተላቀቁ። በዚምባብዌም ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ ሐኪም በ2006 በሐራሬ፥ ምባሬ በተባለ ሰፈር፥ 14 አሮጊቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። በሽታውን የሚጠሩት በራሳቸው ቋንቋ «ሐሳብ ማብዛት» ብለው ነው፤ የእኛም እናቶች የሚሉት ይህንኑ አይደለምን? አሮጊቶቹ ሰውየውን ያዳምጡታል፤ ከችግሮቹ አንዱን እንዲመርጥ ያደርጉታል፤ ለዚያ አንድ ችግር ብቻ መፍትሔውን አብረው ይፈልጋሉ። ይህም በ2016 በታተመ ጥናት ውጤቱ ተመስክሮለታል።

እንደ ወዳጃችን ጦርነት ያየ ሰው ግን ከዚህ የተለየ ያስፈልገው ይሆናል። የሕይወት ታሪክን በተራ የመተረክ ሕክምና የሚባል አለ፤ ከአገራቸው በተሰደዱ ሰዎች መካከል ብዙ ተሠርቶበታል። ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ገመዱ ሕይወቱ ነው። ለደስታው ቀን አበባ፥ ለመከራው ቀን ድንጋይ ያስቀምጥበታል። ከዚያ ከባለሙያው ጋር ከመጀመሪያው ተነሥቶ ድንጋዩን በድንጋይነቱ፥ አበባውንም በአበባነቱ እየተረከ ይሄዳል። ያ ቀን በየሌሊቱ ዛሬ ሆኖ የሚመጣበት ሰው፥ ሲተርከው ያለፈ ቀን መሆኑን አካሉም ጭምር ይማራል። ይህ ግን ላልሠለጠነ ሰው የሚሞከር አይደለም። አደጋ እንደደረሰ ሰውን ሁሉ ሰብስቦ «ያያችሁትን ሁሉ ዛሬውኑ ተናገሩ» ማለትም እንደማይጠቅም ታውቆ የዓለም የጤና ድርጅት አይደረግ ብሏል። በሰሞኑ የሚያስፈልገው መጠለያ፥ እህል፥ ዘመድና ጸጥታ ነው።

በንግግር ብቻ የማይገፋ ሕመምም አለ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፥ ለቀናት ሳይተኛ እየሮጠ የማይደክመው፥ ምግብና ውኃ እስኪተው የደቀቀ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ መድኃኒትም ያስፈልገው ይሆናል። ለዚህ ሰው ጸበል መሄድን እኛ አንከለክልም፤ መድኃኒቱን ጣል የሚለውን ግን እንቃወማለን። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል፤ በዚህ የሚስማሙ ካህናትም ሐኪሞችም በአገራችን አሉ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚስማማን እንዴት እንመርጣለን? ሶል ሮዘንዝዋይግ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ገና በ1936፥ መንገዶቹ ይህን ያህል ቢለያዩም ውጤታቸው ተቀራራቢ የሚሆነው ሁሉም በጋራ የያዙት ነገር ስላለ ነው ብሎ ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ነገር ግን በታካሚውና በባለሙያው መካከል ያለው መተማመን ትልቅ ድርሻ እንዳለው ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ተማሪው ስለ ስልቱ የሚጨነቀውን ያህል ስለ ሰውየው ይጨነቅ። ለመጠየቅም አይፈር። «ምን ተምረዋል? የምነግርዎን ለማን ያሳውቃሉ? ምሥጢሬን የሚያወጡት ምን ሲሆን ነው? ስንት ጊዜ እንገናኛለን? ካልተስማማን ወደ ሌላ ይመሩኛል?» በአክብሮት የተጠየቀ ጥያቄ ሰውን አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው ከሆነ መልሱን አገኘን ማለት ነው። በደንብ የሠለጠነ ሰው የምሥጢሩን ወሰን ራሱ አስቀድሞ ይናገራል፤ ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በስተቀር ቃሉ ከክፍሉ አይወጣም።

ስለ ራሱ ብዙ የሚያወራ፥ የሌላ ተማሪ ታሪክ የሚያጫውተን (ነገ የእኛን ለሌላው ያጫውታል)፥ በሦስት ቀን አድንሃለሁ የሚል፥ ሃይማኖታችንን ወይም ነገዳችንን የሚነካ፥ እንዲህ ያለው ሰው ዘንድ ሁለተኛ መመለስ አያስፈልግም። ለሴት ተማሪዎች ደግሞ በግልጽ እንጽፈው፤ ከቢሮ ውጭ፥ በሆቴል ወይም በማታ እንገናኝ የሚል አማካሪ አማካሪ አይደለም፤ ሊከሰስ የሚገባው ሰው ነው። ሴት ባለሙያ እፈልጋለሁ ማለትም መብት ነው። ቋንቋም እንዲሁ። ሰው ትምህርቱን በእንግሊዝኛ፥ ገበያውን በአማርኛ ሊያደርግ ይችላል፤ ሲያለቅስ ግን የሚያለቅሰው በእናቱ ቋንቋ ነው። በአፋን ኦሮሞ፥ በትግርኛ ወይም በሶማልኛ አፉን የፈታ ወንድማችን ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቃል።

ባለሙያ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ለረጅም ዘመን ለመላው አገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል የአዲስ አበባው አማኑኤል ብቻ ነበር። በፈረንጆች 2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር 70 ሚሊዮን ለሚያህል ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርስቲ ዛሬ የአእምሮ ሕክምናም የሥነ ልቡናም ትምህርት ይሰጣል፤ ሆስፒታሉም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ፍላጎቱም ተለክቷል፤ በፈረንጆች 2015 በታተመ ጥናት በጎንደር ዩኒቨርስቲ ከተጠየቁት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከ100ው 40 የሚያህሉት የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል። መለኪያው ምልክትን እንጂ በሽታን አይለይምና 40 በመቶ ታሟል አንልም። ደግሞም ይህ ከ2013ቱ ጦርነት በፊት፥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ከተነሣው ግጭትም በፊት የተለካ ነው። ዛሬ ቢለካ ይቀንሳል ብሎ የሚወራረድ ካለ ይምጣ።

ለየኮሌጁ አስተዳደር የምናቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ምክር የሚሰጥ ሰው ከዲሲፕሊን ኮሚቴ ይውጣ፤ ማርክ የሚሰጠውን ተማሪም እሱው አያማክር። የባለሙያዎቹ ስም፥ የተማሩት ትምህርት፥ የሚናገሩት ቋንቋና የሚገኙበት ሰዓት ተጽፎ ከምግብ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ተማሪው መርጦ ይሂድ፥ ካልተስማማውም ይለውጥ። የቢሮው በር ተማሪ ሁሉ በሚሰለፍበት በሬጅስትራር ፊት ለፊት አይሁን። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ወደ ጃን አሞራ፥ ወደ በየዳ፥ ወደ ጠለምት የሚመለሰው ተማሪ ሕክምናው ከሰኔ እስከ መስከረም እንዳይቋረጥበት ባለሙያው አስቀድሞ አስቦ፥ በስልክም ቢሆን፥ በወረዳው ጤና ጣቢያም ቢሆን፥ መንገድ ያብጅለት። ኔትወርክ በማይገኝበት ቀበሌ ስልኩ ዋጋ እንደማይኖረው እናውቃለን፤ ለዚህም ነው ጤና ጣቢያውን የጠቀስነው።

ከእኛ ከተማሪዎቹም የሚጠበቅ አለ። «ነካ አድርጎታል» ማለቱን እንተው። ጓደኛችን መናገር ሲጀምር «የእኔማ የባሰ ነው» ብለን ወሬውን አንንጠቀው። ቢሮ ድረስ አብረን ሄደን ውጭ አግዳሚው ላይ መጠበቅ ብዙ ነው። «መኖር ሰልችቶኛል» ያለን እንደሆነ አናልፈው፤ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይልቁንም ይቀልለዋል። አዎን ካለ ለብቻው አንተወው፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንውሰደው። ይህን ምሥጢር መጠበቅ ወዳጅነት አይደለም።

ወዳጃችን ከዓመት ዝምታ በኋላ እናቱ ለሁለት ሳምንት ጸበል ወሰደችው። እዚያ ደኅና ነበር፤ እናቱ አጠገቡ ነበረችና። ሲመለስ እንቅልፉ ዳግመኛ ጠፋ። ያን ጊዜ አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ መኖሩን ከሌላ ተማሪ ሰምቶ ሄደ፤ ከላይ የጻፍናቸውን ጥያቄዎች በወረቀት ይዞ ነበር የገባው። ነርሱ ወረቀቱን ተቀብሎ አንድ በአንድ መለሰለት፤ ከዚያም «ከየት እንጀምር?» ብሎ ዝም አለ። ብዙ ደቂቃ ዝም እንዳለ ልጁ ነግሮናል። ዐሥራ አራት ጊዜ ተገናኝተዋል። ዛሬ አብዛኛውን ሌሊት ይተኛል፤ በክፍል ውስጥ ግን እስከ አሁን ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

ጥያቄው በሚመጣው ሳምንት በኅብረቱ በኩል ይቀርባል። መፈረም የሚሻ ወረቀቱን ከመጽሔቱ ክፍል ያገኘዋል። ወዳጃችን ስሙ እንዲታወቅ ስለማይፈልግ አልፈረመም፤ ወረቀቱን ያባዛልን ግን እሱ ነው።